ጉድጓዱ ከተናደ በኋላ የለጠፍኩት ጥያቄ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። እጄ ገና መንቀጥቀጡን አልተወም ነበር።

ገላን አካባቢ ጂ+1 ቤት እያሠራሁ ነው። በዚያ ቀን ለሴፕቲክ ታንክ የተቆፈረው ጉድጓድ አንድ ጎኑ ተናደ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። ሁለቱ ቆፋሪዎች ለምሳ ከወጡ አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። ሰው ከትከሻው ላይ ሲሚንቶ የጣለ ነው የመሰለን። ዞር ስንል ጉድጓዱ በግማሽ ሞልቷል፤ ታች የተተወው ዶማ የለም። አንደኛው ቆፋሪ የጎረሰውን ሳያላምጥ ቆሞ ቀረ። ሌላኛው ሳቀ። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

መድረኩ ላይ የጻፍኩት አጭር ነበር። በሙያዬ የሂሳብ ሰው ነኝ። የገባውን ሲሚንቶ፣ የወጣውን ብረት፣ የቀን ሠራተኛውን ክፍያ በስልኬ እመዘግባለሁ። አንድ ኩንታል ቢጎድል ማታውኑ አውቃለሁ። ወደ ሰው ሲመጣ ግን ምንም የለኝም። እንደኔ አንድ ቤት ብቻ ለሚያሠራ ሰው የሳይት ደህንነትን ቀድሞ የሚያቅድ ሶፍትዌር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የሚከፈልበትም ቢሆን ግድ የለኝም አልኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የድፍረት ቃል ጨመርኩ፤ አደጋ ማለት የመረጃ እጥረት ነው ብዬ አረፍኩት። በዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ብዙ ተቀጥቅጫለሁ።

በዘጠኝ ቀን 31 መልስ ተጻፈ። ቃል በቃል አልገለብጠውም። አንዳንዱ በንዴት የተጻፈ ነው፤ ባለቤቱ መልሶ ያጠፋውም አለ። ግን ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ እንደገባኝ አድርጌ ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ የመጣው እንግሊዝ አገር የቤት እድሳት ከሚሠራ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰው ስለተረፈ ፈጣሪን አመሰገነ። ከዚያ እዚያ አገር በፈረንጆቹ 2015 በወጣው ደንብ መሠረት ማንኛውም ግንባታ፣ የግለሰብ ቤት ቢሆንም፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ የደህንነት ዕቅድ ሊኖረው እንደሚገባ አስረዳኝ። ለትናንሽ ሥራዎች የግንባታ ሥልጠና ቦርዳቸው ሲዲኤም ዊዛርድ የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አዘጋጅቷል። የት ነው የምትሠራው፣ ማን ነው የሚመራው፣ ምን አደገኛ ነገር አለ እያለ ይጠይቅሃል፤ አንተ ስትመልስ ዕቅዱ ተጽፎ ይወጣል። እሱ ራሱ ለአንድ ወጥ ቤት እድሳት ሳይቀር እንደሚሞላው ነገረኝ። የእንግሊዝን ሕግ እየጠቀሰ ስለሚጠይቅ ግን ገላን ላይ እንዳለ እንደማይሠራ አስጠነቀቀኝ።

2ኛው አንድ መስመር ነው። ካሜራ ግጠም ይላል። ካሜራ ግጠም ባዩ ሰው በሁሉም ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚሰበሰቡት መልሶች) ላይ አለ።

3ኛው ነው ክሩን ክር ያደረገው። ጸሐፊው ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ የደህንነት ባለሙያ ሆኖ እንደሚሠራ ይናገራል። አነጋገሩ የተለካ ነው። ከሶፍትዌር በፊት ሳይት ላይ ሰው የሚገድለውን ማወቅ እንዳለብኝ ነገረኝ። አሜሪካኖቹ አራቱ ገዳዮች ይሏቸዋል፤ ከከፍታ መውደቅ፣ በሚወድቅ ወይም በሚንቀሳቀስ ዕቃ መመታት፣ መቀበር ወይም መጣበቅ፣ እና ኤሌክትሪክ። ከዚያ አራት ጥያቄ ጠየቀኝ። ጥልቀቱ ስንት ነው? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? የወጣው አፈር የት ተከመረ? ሰዎቹ በምን ገብተው በምን ይወጣሉ?

4ኛው የእኔ ነው። ጥልቀቱ 3 ሜትር ተኩል፣ አፈሩ ጥቁር፣ ክምሩ አፋፉ ላይ፣ መውጫው ግድግዳው ላይ በዶማ የተፈለፈለ እግር ማሳረፊያ። ጽፌ ሳበቃ መልሱን ራሴ አገኘሁት። ጠያቂው ምንም ሳይል አፈርኩ።

5ኛው ላይ ባለሙያው ቁጥሩን ዘረዘረልኝ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ደረት ላይ ሲያርፍ ሰው ትንፋሽ ለመሳብ ጉልበት አያገኝም፤ ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ የኦሻ፣ ደንብ ጠንካራ ዓለት ካልሆነ በቀር 1 ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ቁፋሮ ጎኑ እንዲደገፍ ወይም ተዳፋት እንዲደረግ ያዛል። ክምሩ ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ከ1 ሜትር ከ20 ጀምሮ መሰላል ያስፈልጋል። የእኛን ጥቁር አፈር ደግሞ ገላንም ሆነ አቃቂ፣ ቦሌ ቡልቡላም ሆነ ኮዬ ፈጬ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ስንጥቁ ነው መናጃው። ሶፍትዌር አፈሩን አያየውም፤ ግን አሁን እኔ የጠየቅኩህን አራት ጥያቄ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅህ ነበር፤ ሥራው ያ ነው ብሎ ዘጋው።

6ኛው ላይ ጨዋታው ተቀየረ። ቡራዩና ሰበታ ከሃያ ዓመት በላይ ፎርማን የነበረ ሰው ነው። ሰላምታ የለም። ባሬላ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለ ሳይት ሲያወራ ይገርመኛል ከሚል ጀመረ። መቶ ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ አንድ ሰው አልሞተበትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ባለቤቱ የእጅ ዋጋ ሲደራደር የአጣናውንና የጣውላውን ዋጋ አስቆርጦ፣ በሁለት ቀን ቁፋሮ ጨርስ ብሎ አስቸኩሎ፣ በኋላ አፕሊኬሽን ይዞ ይመጣል አለ። ተናድጄ መልስ ጀመርኩ። መሀል ላይ አጠፋሁት። የጣውላውን ዋጋ ያስቆረጥኩት እኔ ነበርኩ። በሁለት ቀን ያልኩትም እኔ ነኝ።

7ኛው ለፎርማኑ ጭብጨባ ነው፤ እንለፈው።

8ኛውን የጻፈችው አንዲት ወጣት የሳይት መሐንዲስ ናት። አያት ጀርባ ሦስት ቤት በአንዴ ትቆጣጠራለች። የክሩ ሀብት ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልዘግይ።

ምንም ሶፍትዌር አልገዛችም። ጉግል ሺት ላይ ሠንጠረዥ ሠርታለች። አምስት ዓምድ ነው ያለው፤ የነገ ሥራ፣ ሊጎዳ የሚችለው ነገር፣ ዛሬ ማታ መዘጋጀት ያለበት፣ ማን ያዘጋጃል፣ ፎቶ። ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ፎርማኑ የነገውን ሥራ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመርጣል። ቁፋሮ ካለ፣ ሶለታ (የፎቅ ኮንክሪት) ሙሌት ካለ፣ የውጭ ልስን ካለ። ሲመርጥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ በራሱ ይሞላል። ከዚያ ገጹ በፎቶ መልክ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል።

ቁልፉ ሦስተኛው ዓምድ እንደሆነ አስረዳች። መሰላል እንደጎደለ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካወቅክ አለቀልህ። አስራ ሁለት ሰው ቀኑ ተቆጥሮለት ቆሟል፣ ሚክሰሩ በኪራይ ገብቷል። ይቅር ዛሬ የሚል ፎርማን የለም። ሥራው ያለ መሰላል ይጀመራል። ያንኑ ጉድለት ማታ 11 ሰዓት ላይ ካወቅክ ግን አንድ ስልክ መደወል ነው። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የአደጋ ትንበያ ነበር የፈለግኩት። እሷ የምትለኝ ጥያቄውን በአስራ አራት ሰዓት አስቀድመው ነው።

ያልሠራውንም አልደበቀችም። መጀመሪያ ፎቶ የሚባል ዓምድ አልነበረውም፤ ምልክት ብቻ ነበር የሚደረግበት። ፎርማኖቹ ቡና እየጠጡ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ምልክት እያደረጉ ይልኩ ጀመር። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው፤ ሳይቱ እንደ ድሮው ነው። ምልክቱን አንስታ በፎቶ ተካችው። ሦስት ሳምንት በደንብ ሄደ። ከዚያ አንዱ ፎርማን በየቀኑ ያንኑ የድሮ ፎቶ እንደሚልክ ነቃች። የነቃችው መሰላሉ ሥር በተኛ ውሻ ነው። አራት ቀን ሙሉ ጆሮውን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

9ኛው የፕሮግራም ሰው ነው። ደስ ብሎታል። ፋይሉን ላኪልኝ፣ ወደ መተግበሪያ ልቀይረው አለ። ከዚያ ሄልሜት ያላደረገን ሰው በካሜራ እየለየ የሚያስጮህ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አመጣ። 2ኛው መልስ ላይ ካሜራ ያለው ሰው ነፍስ ዘራ።

10ኛው ላይ ፎርማኑ ተመለሰ። ሄልሜት ሙቀት ነው፣ ሠራተኛው ያወልቀዋል፣ ደግሞም ሳይት ላይ ያለችው አንዷ ሄልሜት የባለቤቱ ናት ብሎ አሾፈ። እውነት ለመናገር የእኔ ሳይት ላይም እንደዚያው ናት። መኪና ውስጥ።

11ኛው የደህንነት ባለሙያው ነው። ሁለቱንም አረመ። ሄልሜት ያስፈልጋል፤ ግን በሙያው ቅደም ተከተል መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ አነስተኛ አደጋ ባለው መተካት፤ ቀጥሎ ሰውንና አደጋውን መለየት፤ ቀጥሎ አሠራርና ሥልጠና፤ በመጨረሻ ሄልሜትና ጓንት። እኛ ከመጨረሻው እንጀምራለን፤ ርካሹ እሱ ስለሆነ። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ፤ ጉድጓዱ የግድ 3 ሜትር ተኩል መሆን አለበት ወይ? ይህን እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፎርማኔን ደውዬ ጠየቅኩት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምንቆፍረው አለኝ። ጥልቀቱን ቀንሶ ርዝመቱን መጨመር ያንኑ ውኃ ይይዛል። ሂሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ የሂሳብ ሰው ነኝ።

12ኛውና 13ኛው ስለ ኤክስካቫተር ኪራይ ነው። አንዱ ተወደደ አለ፣ ሌላው ሰዓት ይሰርቃሉ አለ። መሀል ላይ አንድ ሰው ንጹሕ አሸዋ አለኝ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። አስተዳዳሪው አጠፋው። ቁጥሩ ግን አልተዘለለም፤ 14ኛ የሚለው ባዶ ሳጥን የእሱ ነው።

15ኛው ጠበቃ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅን ግዴታ አሠሪው ላይ እንደሚጥል ጻፈ። መሣሪያ ማቅረብና ሠራተኛው እንዲጠቀምበት ማስተማር እዚያ ውስጥ አለ። ሠራተኛውም የራሱ ግዴታ አለበት፤ የተሰጠውን መጠቀም፣ ብልሽት ሲያይ መናገር። ከዚያ አንድ ቃሌን አረመኝ። የእኔን ቤት ተራ ቪላ ብዬ ነበር። ጠበቃው ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ እንደነበር፣ በዚያ አዋጅ ጂ+1 ሁለት ፎቅ ስለሚቆጠር ከተራው ምድብ ሀ ወጥቶ ምድብ ለ ውስጥ ይገባ እንደነበር አሳየኝ። አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱ የሠሪው ነው የሚል መስመር ውሌ ውስጥ እንዳለ ነግሬው ነበርና፣ በዚያ መስመር ተማምኜ እንዳልተኛ መከረኝ። አልተኛሁም።

16ኛውን ለመጻፍ ልጁ ሁለት ቀን እንደፈጀበት ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ የግለሰብ ቤት ላይ ከሁለተኛ ፎቅ የእንጨት መወጣጫ ወደቀ። የቤቱን ባለቤትም ቦታውንም አልጠቀሰም። ሲወድቅ ሳይቱ ላይ ስሙን በሙሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቅጽል ስሙን ብቻ ነው የሚያውቁት። ስልኩ የቁልፍ ቃል ነበረው። ቤተሰቡ ሆስፒታል እንዳለ ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ጠዋት ጠዋት አብሮት ሥራ ፍለጋ የሚቆም ሰው ለእናቱ ነግሯት። አባቱ ተርፏል፤ አሁን ግን ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለመሐንዲሷ ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ይጨመርለት። የሠራተኛው ሙሉ ስምና የአንድ ዘመዱ ስልክ።

17፣ 18 እና 19 የማጽናኛ ቃላት ናቸው። ለሁለት ቀን ሌላ ነገር የጻፈ ሰው የለም። ፎርማኑም ዝም አለ።

20ኛው መልስ መሐንዲሷ ናት። ዓምዱን ጨምራለች። አብሮ ሌላም ጨመረች። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ገጹ ራስ ላይ ይጻፋል። ከሥሩ የሳይቱ መገኛ ነጥብና መንገዱን በቃል የሚገልጽ ሁለት መስመር። እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። የቤት ቁጥር የለንም። አድራሻችን ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ቀይ በር ያለው ጋ ታጥፈህ ነው። በክረምት ደግሞ መኪና አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ ቀሪው ጭቃ ነው። ስለዚህ አምቡላንሱን አስፋልት ላይ ሄዶ የሚጠብቀው ሰው ማን እንደሆነ ጠዋት ይነገራል። ስሙ ተጠርቶ።

21ኛው ላይ ፎርማኑ መጣ። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም። ለክፍያ ብሎ ስም የሚይዝበት ደብተር ድሮም እንዳለው፣ ስልክ ቁጥር መጨመር ቀላል እንደሆነ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንደሚይዝ ጻፈ። ለዚህ ደግሞ አፕሊኬሽን እንደማያስፈልግ ጨመረ። ቀጥሎ እሱን እንቅልፍ የሚነሳው ጉድጓድ ሳይሆን ቤርጋ፣ ረጅሙ የብረት ዘንግ፣ መሆኑን ነገረን። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። ወደ ሶለታው ሲሳብ ጫፉን የያዘው ሰው ሌላኛው ጫፍ የት እንዳለ አያይም። መብራቱ ደግሞ እዚያው አጥሩ ላይ ያልፋል። በዓይኑ አንድ ጊዜ አይቷል። ከዚያ በላይ አልጻፈም።

22ኛው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አጭርና ጠቃሚ። 15 ሺህ ቮልት በሚያልፍበት መስመር አጠገብ ብረቱ መንካት እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ ሲጠጋ ኤሌክትሪኩ ሊዘልበት ይችላል። እርጥብ እንጨትም ያስተላልፋል፤ ደረቅ ነው ብላችሁ አጣና አትመኑ አለ። መስመሩን ማስጠፋት ወይም ማስነሳት ጥያቄ አስገብቶ መጠበቅ ስለሆነ፣ ሶለታው ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚታሰብ ነገር አይደለም። እኔ ሶፍትዌር ላይ ያለኝ እምነት እዚህ ጋ ተመለሰ። የነገን ሥራ ዛሬ ማታ የሚያስታውስ ሠንጠረዥ ጥሩ ነው፤ ከሳምንታት በፊት ሽቦ አለብህ የሚል የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ሌላ ነው።

23ኛው ፀቡ ነው። አንድ ሰው መሐንዲሷ ፋይሉን ልትሸጥ ነው ብሎ ተነሳ። ክሩን የከፈትኩትም እኔ ከሷ ጋር ተስማምቼ እንደሆነ ጠረጠረ። ሴት መሐንዲስ ስለመሆኗም አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ አልደግመውም። 24ኛው ላይ እሷ መለሰች። ቁጣዋ ንጹሕ ነበር። ፋይሉን ለማንም በነፃ እንደምትልክ፣ እስካሁን ለ19 ሰው እንደላከች፣ ከሳሹ ግን ሳይት ኖሮት እንደማያውቅ ከድሮ ጽሑፎቹ አውጥታ አስቀመጠችው። 25ኛው አስተዳዳሪው ነው፤ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። ሁለቱንም ማስጠንቀቁ ትክክል አልመሰለኝም። አንደኛዋ ምን አደረገች?

26ኛው ወላይታ ተወልዶ ለገጣፎ የሚሠራ ግንበኛ ነው። የሚለጠፈውን ፎቶ ማን ያነበዋል ብሎ ጠየቀ። እሱ ሳይት ላይ ወላይትኛም፣ ኦሮምኛም፣ አማርኛም ይነገራል። አማርኛ የሚሰማው ሁሉ አማርኛ አያነብም። ስልክ የሌለውም አለ። መፍትሔውንም ይዞ ነው የመጣው። ፎርማኑ ቴሌግራም ላይ በድምፅ ይናገር፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ጮክ ተደርጎ ይከፈትና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እዚያው ይተርጉም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እሱ እያስተረጎመ ሳለ አንድ አዲስ ልጅ እጁን አውጥቶ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ምስማር የወጣበት ጣውላ ላይ መራመድ ይቻላል ወይ ብሎ እንደጠየቀም ነገረን። ያ ልጅ የጠየቀው፣ ሰው በቋንቋው ስላናገረው ነው።

27ኛው ሳቅ አመጣ። ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ላደር ሴፍቲ የሚል ነፃ መተግበሪያ አለው። ስልኩን መሰላሉ ላይ ስታስደግፈው ዘንበል ያለበትን ይለካና ልክ መሆን አለመሆኑን ይነግርሃል። ትክክለኛው ወደ 75 ዲግሪ ነው፤ አራት ሜትር ከፍ ካለ ሥሩ አንድ ሜትር ይራቅ እንደማለት። ጸሐፊው ስልኩን ይዞ የሰፈሩን የአጣና መሰላሎች ሁሉ ለካ። አንድም አላለፈም። አንዱ መሰላል ግድግዳው ላይ በምስማር ተመትቶ ነበርና እንኳን ሊስተካከል ሊነቀልም አልቻለም።

28ኛው ወደ መብራት መቆራረጥ ሄደ። ስልኬ ባትሪ ከሌለው ዕቅድም የለኝም አለ። ተከትሎ ቱሉ ዲምቱ ላይ ኔትወርክ የት ጋ እንደሚይዝ ብዙ ተጻፈ። ሁሉም በዚያው መልስ ሥር ስለሆነ እንደ አንድ ተቆጥሯል። ጥሩ መረጃ ነው፤ ከጉዳያችን ጋር ግን አይገናኝም።

29ኛው የደህንነት ባለሙያው የመጨረሻ ጽሑፍ ነው። ስለ ሶለታ ድጋፍ። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው፤ በሰባተኛው ቀን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ነው ያለው። የብረት ድጋፍ ግን በቀን ኪራይ ይታሰባል። ስለዚህ በስምንተኛው ቀን ኪራዩ የከበደው ሰው ድጋፉን ያስነቅላል፤ ወይም ለቀጣዩ ቤት ያሻግረዋል። ማንም ኮንክሪቱን ስላላወቀ አይደለም። የኪራይ ደረሰኙ በየቀኑ ይታየዋል፤ የኮንክሪቱ ዕድሜ አይታየውም። በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ የሂሳብ ሰው ነኝ ብለሃል፣ ይህ ያንተ ሥራ ነው አለኝ። አደጋ የመረጃ እጥረት ነው ላልኩት የተሰጠኝ ትክክለኛ መልስ ይህ ይመስለኛል። መረጃው አለ፤ ብር ብቻ ነው የምንቆጥረው።

30ኛው አዲስ ገቢ ነው። ከላይ ያለውን አላነበበም። ለቤት ግንባታ ደህንነት የሚሆን ሶፍትዌር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወደ 8ኛው መልስ መራሁት። አይፎን ላይ ይሠራል ወይ ብሎ መለሰልኝ።

31ኛው የእኔ ነው። ያደረግኩትን ጻፍኩ። የድሮውን ጉድጓድ አስደፈንነው። አዲሱ 2 ሜትር ጥልቀት ነው፤ ርዝመቱ ጨመረ። በኤክስካቫተር ተቆፈረ። ጎኑ በጣውላና በአጣና ተደገፈ፤ መሰላል ገባ። አፈሩ ከአፋፉ ራቀ፤ ለዚህም የጎረቤቴን ባዶ ቦታ ለአንድ ሳምንት ለምኜ ነው። ወጪውን መዝግቤዋለሁ። ያኔ ካስቆረጥኩት የጣውላ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

ሠንጠረዡን ፎርማኔ አልወደደውም። መጻፍ ይሰለቸዋል። ግንበኛው እንዳለው በድምፅ ይሁን አልኩት። የመጀመሪያው ማታ ምንም አልላከም። ሁለተኛው ማታ ነገ ቁፋሮ የለም ብሎ ሦስት ሰከንድ ላከ። ሦስተኛው ማታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከኋላው የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። ነገ ልስን እንደሚጀምሩ፣ መሰላሉ አራተኛው እርከን ላይ እንደተሰነጠቀ፣ ሌላ ካላመጣሁ ሰው እንደማያስወጣበት ነገረኝ።

ማታውኑ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ በር አንኳኳሁ።